ግድ የለም ያለችው ሊቀመንበር

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ተረት ላወራችሁ ነው። የዛሬው ላምም በረትም የለበትም። ሳቅ የፈለገ ካለ ሌላ ቀን ይምጣ፤ ይህን ተረት መጀመሪያ ስሰማው እኔ ራሴ አልቅሼበታለሁ። ያኔ ደግሞ ጥርሴ ሁሉ ሙሉ ነበር፣ ለማልቀስ ምንም ምክንያት አልነበረኝም።

በጣም ድሮ ነው። እንስሳ እንደ ሰው የሚናገርበት፣ ዕቃም ሲከፋው የሚያጉረመርምበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን ከአንድ ተራራ ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች። ከእሷ ዝሆኖች ይጠጣሉ፣ ከእሷ ጉማሬዎች ይጠጣሉ፣ ከእሷ ከርከሮዎች ይጠጣሉ፣ ከእሷ ጦጣዎች ይጠጣሉ። ከሁሉም በታች፣ ውሃው ወርዶ ወርዶ በሚያርፍበት ኩሬ ውስጥ ደግሞ እንቁራሪቶች ይኖራሉ።

አምስቱ ወገኖች በዚህች ምንጭ ብዙ ተጣልተው፣ ብዙ ተጎዳድተው፣ ሲደክማቸው ቁጭ ብለው ሕግ አወጡ። ያለ አምስቱ ቃል ከምንጩ መንገድ ላይ ማንም ድንጋይ አያነሳም፣ ማንም ድንጋይ አይጥልም አሉ። ወር በገባ ቁጥር አንድ ቀን ከትልቁ ዋርካ ሥር ጉባኤ ይቀመጣሉ። ከጠዋት ይጀምሩና የዋርካው ጥላ ነጋሪቱ ያለበት ቦታ ሲደርስ ነጋሪቱ ራሱ “በቃ” ይላል፤ ይበተናሉ። ሊቀመንበርነቱ ደግሞ በዙር ነው። አንዱ ወገን ሦስት ወር ይመራና ለሚቀጥለው ያስረክባል። የሚረከበውም በርጩማ ነው፤ ከዋንዛ የተጠረበ፣ ባለ ሦስት እግር አሮጌ በርጩማ። ይህ በርጩማ ይናገራል፣ ግን የሚናገረው ለተቀመጠበት ብቻ ነው።

ዓመታት አለፉ። ዝሆኖች መሩ፣ ጉማሬዎች መሩ፣ ከርከሮዎች መሩ፣ ጦጣዎች መሩ። እንቁራሪቶች ግን ምን ጊዜም “ገና ናችሁ፣ ትንሽ ቆዩ” ይባላሉ። ተራ ፍጥረት ናቸው ተብለው ተራ ተነፍጓቸው ኖሩ እላችኋለሁ። በመጨረሻ አንድ መስከረም ላይ ነገሩ ራሳቸውን ትልልቆቹንም አሳፈራቸውና ተራው ለእንቁራሪቶች ይሁን ተባለ። በኩሬው ውስጥ የነበረው ደስታ አይነገርም። ሽማግሌው ሁሉ ሆዱን ነፍቶ ዘፈነ።

እንቁራሪቶች ጤዛ የምትባል ሚኒስትር ነበረቻቸው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ናት። ለእንቁራሪት ውጭ ማለት ከውሃ ውጭ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከውሃ ውጭ ያለው ጉዳይ ሁሉ የጤዛ ነው። ንግግሯ ለስላሳ፣ አነጋገሯ ሰው የማይጎዳ፣ ስትሰማ ዓይኗን የማትነቅል፣ ቁም ነገረኛ ነበረች። እንግዲህ ሊቀመንበርም እሷው ሆነች።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከዚያ መስከረም በፊት በነበረው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ተራራው ተናደና አንድ ቋጥኝ ተንከባሎ ወደ ኩሬው የሚወርደውን የውሃ መንገድ ዘጋው። ውሃው ወደ ጫካው ገደል ዞረ። ዝናቡ እስካለ ድረስ ማንም ልብ አላለውም። መስከረም ሲጠባ ግን ዝናቡ ቆመ፤ ኩሬው መውረድ ጀመረ።

ትልልቆቹ እንቁራሪቶች ጭቃ ቆፍረው መቆየት ይችላሉ፣ ካልሆነም ዘለው ሌላ ውሃ ይፈልጋሉ። ችግሩ ልጆቹ ናቸው። የእንቁራሪት ልጅ ሲፈለፈል ጅራት እንጂ እግር የለውም፤ እግር እስኪያወጣ ድረስ ከውሃ አይወጣም። የዚያ ዓመት ልጆች ሁሉ ኩሬው ውስጥ ነበሩ። የጤዛም ልጆች ነበሩበት፣ የመጀመሪያዎቿ ናቸው። እግር ለማውጣት ሦስት ወር ይፈልጋሉ። ቋጥኙን ሊገፋ የሚችለው ዝሆን ብቻ ነው፣ ዝሆንም ያለ ጉባኤው ቃል ድንጋይ አይነካም። ስለዚህ ጤዛ ስትሄድ የኩሬው ሽማግሌዎች አንድ ነገር ብቻ አደራ አሏት። ቋጥኙን አስነሺልን አሏት። እሷም እሺ ብላ፣ ልጆቿን በጣቷ አንድ በአንድ ነክታ ተሰናብታ፣ ወደ ዋርካው ወጣች።

በጉባኤው ዋዜማ የጉዳዮቹን ዝርዝር አስጻፈች። ጸሐፊዋ እመት ሽሙ የምትባል ጦጣ ነበረች፤ በኮባ ቅጠል ላይ በጥፍሯ ትጭራለች። ጤዛ “የኩሬው ቋጥኝ” ብላ ከሁሉ በላይ አስጻፈች።

በማግስቱ ጠዋት ተወካዮቹ መጡ። የዝሆኖቹ ተወካይ አያ ደምስ መጣ፤ ሲራመድ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ግን ገር ነው። የጉማሬዎቹ እመት ዝናሽ መጣች። የከርከሮዎቹ አያ ጎንጤም መጣ። ጤዛ በርጩማው ላይ ጉብ ብላ ሲሰግዱላት ባየች ጊዜ በልቧ አንድ ነገር ተሰማት። እነዚህ ሁሉ እንግዶቿ መሰሏት። ያደገችበት ቤት ደግሞ እንግዳ ሳይጠግብ ባለቤት እጁን ወደ ገበታው የማይሰድበት ቤት ነው።

እመት ሽሙ ቅጠሏን ዘርግታ በየትኛው እንጀምር አለቻት።

“ግድ የለም፣ የኛ ይቆይ” አለች ጤዛ። “እንግዶቹ ይቅደሙ።”

የቀደመው የጉማሬና የከርከሮ ጠብ ነበር። ወደ ምንጩ በምትወስደው ጠባብ መንገድ ማን ቀድሞ ይለፍ በሚል ሁለቱ ወገኖች ደም ሊፋሰሱ ደርሰው ነበር። ጤዛ እንዴት አድርጋ ያዘችው መሰላችሁ፣ ጉማሬዋ የከርከሮውን አቤቱታ እንድትናገርለት፣ ከርከሮውም የጉማሬዋን እንዲናገርላት አደረገች። መጀመሪያ እምቢ አሉ። ኋላ እየተናደዱ ጀመሩ። ቀስ በቀስ ግን አያ ጎንጤ ስለ ጉማሬ ግልገሎች ሲናገር ድምፁ ተሰበረና ቆመ። እመት ዝናሽም አለቀሰች። ታረቁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥላው ነጋሪቱ ጋ ደርሶ ነበርና ነጋሪቱ “በቃ” አለ።

ሁሉም ጤዛን እያመሰገኑ ሄዱ። እሷ በርጩማው ላይ ብቻዋን ቀረች።

“ያንቺስ?” አላት በርጩማው።

“የኔ ምን?”

“የኩሬው ነገር። ከላይ ተጽፎ አይቼዋለሁ።”

“በሚቀጥለው ወር ይደርሳል።”

በርጩማው በእንጨት ድምፁ እያጉረመረመ ያየውን ሁሉ ነገራት። ጉማሬዋ በተራዋ ስትቀመጥ በመጀመሪያው ቀን የጠየቀችው ስለ መንከባለያ ጭቃዋ ነበር። ከርከሮው በተራው የጠየቀው ስለ ሥር መቆፈሪያ ቦታው ነበር። ጦጣዎቹማ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ስለ ራሳቸው ሲያወሩ ነው የጨረሱት። ማንም አልተቆጣቸውም፣ ሕጉም ይፈቅዳል።

“እነሱ ትልልቆች ናቸው” አለች ጤዛ። “እኛ ገና የመጀመሪያችን ነው። ሳይጠግቡ መጡና ወንበሩን ለራሳቸው ጥቅም አዋሉት ይሉናል።”

“ማነው የሚለው?”

ጤዛ አሰበች። አያ ደምስ አይልም። እመት ዝናሽ አትልም። አያ ጎንጤም ዛሬ ከታረቀ ወዲህ የሚል አይመስልም።

“ይላሉ” አለች ብቻ።

በርጩማውስ ምን ይበል? አንዳንድ ነገር ከተቀማጭ በታች ሆኖ አይስተካከልም።

በሦስተኛው ቀን አክስቷ እትዬ የሻረግ ከኩሬው ድረስ እየዘለለች መጣች። ሽቅቡን ሁሉ ወጥታ ነው፣ በዚያ ዕድሜዋ። የጉባኤው ክልል ውስጥ አልገባችም፤ እኔ ምን ወግ አውቃለሁ ብላ ከቁጥቋጦው ሥር ቆማ አስጠራቻት። ውሃው በኩሬው ውስጥ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ በታች መውረዱን፣ ልጆቹ ግን ደህና መሆናቸውን፣ ጅራታቸውን እያወዛወዙ እንደሚጫወቱ ነገረቻት። ከልጆቿ አንዱ ከሁሉ ቀልጣፋ መሆኑንም ነገረቻት፤ ጤዛ ይህን ስትሰማ ደስ ብሏት ሳቀች። ጠየቅሽ ወይ ስትላት ለሚቀጥለው ወር ነው አለቻት። አክስቷም የወንበሩን ሥራ እሷ ታውቃለች ብላ ተመለሰች።

ጥቅምት ገባ። ሁለተኛው ጉባኤ ተቀመጠ።

በዚህኛው ጤዛ የሾላ ዛፉን ክስ አስቀደመች፣ የኩሬውን ደግሞ ሁለተኛ አደረገች። ሁለተኛ ምን ነውር አለው አለች ለራሷ። የሾላው ክስ ጦጣዎች ፍሬው ሳይበስል ይጨርሱታል፣ ዝሆኖች ደግሞ ዛፉን ወዝውዘው ያረግፉታል የሚል ነበር። ይህ ቶሎ አለቀ። ዛፉ ላይ ያለው ለጦጣ፣ ወድቆ መሬት የነካው ለዝሆን ይሁን ተባለ። ሁሉም ሳቁ፣ ተስማሙ። ጥላው ገና አጭር ነበር። ነጋሪቱ ራሱ ወደ ሰማይ አንጋጦ “ገና ብዙ አለኝ” አለ።

ጤዛ ጉሮሮዋን ጠረገች። አፏን ከፈተች።

ይኼኔ እመት ዝናሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ሰውነቷ ከባድ ነውና እስክትነሣ ድረስ ሁሉም ጠበቃት። እኔ አንድ ነገር ሳልናገር አልቀመጥም አለች። ብዙ ሊቀመንበር አይተናል፣ እኔም ራሴ ተቀምጬበታለሁ፣ ሁላችንም ስንቀመጥ መጀመሪያ ያየነው የራሳችንን ሆድ ነው አለች። “እንደዚህች ያለች ግን አይተን አናውቅም። ሁለት ወር ስትመራን ለራሷ አንዲት ነገር አልጠየቀችም።”

አጨበጨቡ። ዝሆኑ ኩምቢውን አንሥቶ ነፋ። ጦጣዎቹ ቅርንጫፍ ላይ ዘለሉ። የጤዛ ፊት በደስታም በጭንቀትም ጋለ። የተከፈተው አፏ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ጭብጨባው ሲያበቃ እመት ሽሙ ቅጠሏን ይዛ ሌላ ጉዳይ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። በቅጠሉ ላይ ሁለተኛ የተጻፈውን እያየች ነው የጠየቀችው። ጤዛም አይታዋለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

“ግድ የለም” አለች ጤዛ። “የለም። ዛሬ ደስ ብሎን እንለያይ።”

ጎበዝ፣ ምስጋና አፍ እንደሚዘጋ የዚያን ቀን ታየ። ቢሰድቧት ኖሮ ትናገር ነበር። አመስግነው ዝም አሰኟት፤ እነሱ ግን ይህን አያውቁም፣ ከልባቸው ነበር ያመሰገኗት።

እትዬ የሻረግ እንደገና መጣች። በዚህኛው እግሯ ተላልጧል። ውሃው ከዳር እስከ ዳር የነበረው ወደ መካከል ተሰብስቦ ጉልበቷ ጋ ብቻ እንደሚደርስ፣ ከዳር የነበሩ ደካማ ልጆች ደርቀው እንደቀሩ፣ የተረፉት ተፋፍገው እንደሚተኙ ነገረቻት። ያንቺዎቹ አሉ አለቻት። ቀልጣፋው የኋላ እግሩ ብቅ እያለ ነው አለቻት።

“ጠየቅሽ ወይ፣ ልጄ?”

ጤዛን አልጠየቅሁም ማለት ከበዳት።

“ተይዟል” አለች።

“ምን ተይዟል?”

“ጉዳዩ። አጀንዳ ላይ ተይዟል።”

እትዬ የሻረግ አጀንዳ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ውሃው የተያዘበት ቦታ ስም መሰላት። ሩቅ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ጤዛ ሩቅ አይደለም አለች። አሮጊቷ በዚያ በተላላጠ እግሯ እየዘለለች ወርዳ ለመላው ኩሬ ነገራችን አጀንዳ ላይ ተይዟል፣ ቅርብ ነው ብላ አበሰረች። ሰው ሁሉ ተጽናና። እናቶች ልጆቻቸውን አይዟችሁ፣ አጀንዳ ቅርብ ነው አሏቸው።

እናንተ እዚያ ጥግ ያላችሁ፣ አትሳቁ። የተጨነቀ ሰው የማያውቀውን ቃል ያምናል፣ ምን ያድርግ?

ኅዳር ገባ። ሦስተኛው ጉባኤ የስንብት ጉባኤ ነው። ጤዛ ንግግር አድርጋ በርጩማውን ለአያ ደምስ ታስረክባለች። ጠዋት ማንም ሳይመጣ በርጩማው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ሌሊቱን አልተኛችም፤ ልጆቿን ስታስብ ነው ያደረችው።

“ከዛሬ በኋላ የለሽም” አላት በርጩማው።

“ዛሬ እጠይቃለሁ።”

“እንዴት ብለሽ?”

“ደህና አድርጌ።”

“ደህና ሳይሆን ቀጥ አድርገሽ ጠይቂ” አላት። “ልጆቻችን ሊሞቱ ነው፣ ቋጥኙን አንሡ በይ። ሁለት ቃል ነው።”

ጤዛ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ማለት እንደሚገባት ልቧ ያውቅ ነበር። ግን ሁለቱን ቃላት ራቁታቸውን ታላላቆች ፊት ማውጣት ሰውን ማስጨነቅ፣ በስንብት ቀን ደስታን ማደፍረስ መሰላት። ቆይታ ቆይታ፣ አለባብሳ አሰማምራ ልትለው አሰበች።

ጉባኤው ሞላ። ንግግሯን አደረገች። አምስቱ ወገኖች ስላከበሯት አመሰገነች፣ ስለ መንገዱ ዕርቅ ተናገረች፣ ስለ ሾላው ተናገረች። ሰዓቱ እየገፋ ሄደ። በመጨረሻ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ እንዲህ አለች።

“ካላስቸገርኩ… ከእኛ በኩልም አንድ ትንሽ ነገር ነበረች። ይህን ያህል የምታስቸኩል እንኳ አይደለችም። የሆነች ድንጋይ ነገር ናት። ጊዜ ካላችሁ ብዬ ነው፣ ካልሆነም…”

አያ ደምስ በትልቅ ጆሮው ሰምቷል። ሰሚ ነው፣ ልንገራችሁ፤ የተባለውን ሁሉ ሰምቷል። የተባለው ግን ትንሽ ነገር ናት፣ አታስቸኩልም የሚል ነበር። ወደ ጥላው አየ። ጥላው ነጋሪቱን ሊነካ አንድ ክንድ ቀርቶታል፣ የርክክቡ ሥርዓት ደግሞ ገና ነው።

“እንግዲያማ የማታስቸኩል ከሆነች” አለ በአክብሮት፣ “ለሚመጣው ወር ልያዝልሽ?”

ጤዛ ልጆቿ በዓይኗ ላይ መጡባት። ቃሉ አንደበቷ ላይ ደርሶ ነበር። ሁሉም ፈገግ ብለው ያዩአታል።

“ግድ የለም” አለች። “ይቆይ።”

ነጋሪቱ በቃ አለ። በርጩማውን አስረከበች። እመት ዝናሽ በአንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን አደረገችላት፤ አበባው ከእሷ ይበልጥ ነበር። በእልልታ ሸኟት። ጤዛ ከኮረብታው ስትወርድ፣ የእልልታው ድምፅ ከኋላዋ እየራቀ ሲሄድ፣ ድንገት ያለ ልክ መዝለል ጀመረች። ከወንበሩ ስትርቅ ነው ያደረገችው ሁሉ የገባት። አበባው እየጠለፋት፣ እየወደቀች፣ እየተነሣች ሮጠች።

እትዬ የሻረግ ከመንገዱ ዳር ቆማ አገኘቻት። እጇን ይዛት ወረደች።

ኩሬው የለም። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። በመካከሉ መዳፍ የምታህል እርጥብ ቦታ አለች፣ በእሷ ላይ ልጆቹ ተደራርበው ተኝተዋል፤ አይንቀሳቀሱም። ጤዛ እጇን ሰድዳ የራሷን ፈለገች። አገኘቻቸው። የኋላ እግራቸው ወጥቶ ነበር። የፊቱ ብቻ ነበር የቀራቸው።

ስንት ቀን ነበር የቀራቸው ብላ ጠየቀች።  ሌሎቹ እናቶች ከጭቃው ውስጥ ዓይናቸውን ብቻ አውጥተው ያዩአት ነበር፤ ማንም አልሰደባትም። ጤዛ ያን ቀን ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ተራራው ተሰማ ይባላል። እኔ አላጋነንኩም፣ እንደነገሩኝ ነው የምነግራችሁ።

እትዬ የሻረግ ግን ከልቅሶው መካከል ተነሣች። እንደገና ሽቅቡን ወጣች። ወግ አላውቅም ብላ ቁጥቋጦ ሥር የቆመችው ያች አሮጊት ዛሬ ማንንም ሳታስጠራ ቀጥ ብላ ገብታ አያ ደምስ እግር ሥር ቆመች።

“ልጆቻችን አለቁ” አለችው። “ድንጋዩን አንሣልን።”

ዝሆኑ ሁለት ጊዜ አልጠየቃትም። የቀሩትን ወገኖች በኩምቢው ጥሪ ሰበሰበ፤ ወሩን አልጠበቀም፣ ጥላ አላየም። ሁሉም ባንድ ቃል ይነሣ አሉ። እየሮጠ ወረደ። ቋጥኙን በግንባሩ ተደግፎ አንድ ጊዜ ገፋው። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ቋጥኙ ተንከባሎ ገደል ገባ። ውሃው በመንገዱ ወረደ።

አያ ደምስ ውሃውን ተከትሎ እስከ ኩሬው መጣና ያለውን አየ። ተንበረከከ።

“ምነው ሳትነግሩኝ?” አለ።

እትዬ የሻረግም “ጤዛ ነግራሃለች” አለችው።

“ትንሽ ነገር ናት ነው ያለችኝ” አለ ዝሆኑ። “እናቴ፣ ትንሽ ነገር ናት ነው ያለችኝ።” እያለቀሰ ደጋገመው።

ኩሬው በሦስት ቀን ሞላ። ጠፍጣፋው ድንጋይ እንደ ቀድሞው ተሸፈነ። ውሃው ጥሩ ነበር፣ የጠራ ነበር፤ የሚዋኝበት ልጅ ግን አልነበረም።

በእንቁራሪቶች ሥርዓት ከውጭ የተመለሰ ሚኒስትር ሸንጎ ፊት ቆሞ ሥራውን ይናገራል። አንዳንዶቹ አሁን ምን ልትነግረን ነው፣ አንሰማትም አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ትናገር አሉ። ጤዛ ሸንጎው ፊት ካለ አንድ ድንጋይ ላይ ወጣች። ዛሬ ንግግሯ ለስላሳ አልነበረም።

“ወንበሩ ላይ መቀመጥ ደስ ይላል፣ አልዋሻችሁም” አለች። “ሁለት ጠብ አስታርቄአለሁ። ሁሉም አመሰገኑኝ። አንድም ጠላት አልነበረኝም፤ ጠላት ቢኖረኝ በእሱ አመካኝ ነበር። ስለ እኛ ክፉ እንዳይሉ ብዬ ዝም አልኩ። ይሉናል ያልኳቸውን ግን እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም፣ የሉም። ሦስት ጊዜ ግድ የለም አልኩ። ግድ ነበረኝ። በዓለም ላይ ግድ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።”

 ከድንጋዩ ወርዳ ውሃው ዳር ተቀመጠች። ሸንጎው ተበተነ። ይቅር አልኩሽ ያላት የለም፣ አልልሽም ያላትም የለም። እትዬ የሻረግ ብቻ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፣ እጇን ጀርባዋ ላይ አደረገች። እንዲሁ እንደተቀመጡ መሸ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ እንቁራሪቶች ተራ አይጠብቁም። ዝናብ ሲመጣ ሰምታችኋቸዋል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጮኻሉ፣ አንዷ ሌላዋን ቅደሚ አትልም፣ ውሃ ስጡን፣ ውሃ ስጡን ነው የሚሉት። የሰው ኮቴ ሲቀርብ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላሉ። ፈርተው ነው ትላላችሁ። ፍርሃት አይደለም። እንግዳ መጣ፣ ምን ይለናል ብለው ነው፤ ያ የጥንቱ ይሉኝታ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

ምክሩን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ኋላ አልሰማንም እንዳትሉ። የራሳችሁን ድርሻ ለሌላ ብትለቁ ደግነት ነው፣ ልቀቁ። ሌላ ሰው አደራ ብሎ የላካችሁን ነገር ግን ግድ የለም ብላችሁ መተው አትችሉም፤ የእናንተ አይደለማ።

ተረቴን ጨረስኩ። ዳቦ አልጠይቃችሁም። ውሃ ግን ጠምቶኛል፣ አንዳችሁ ተነሡና አምጡልኝ።